የሙዲን ደብተር

ወልቂጤ በተከራየኋት ክፍል ለመመረቂያዬ የምሠራውን የሥዕል መጽሐፍ ስጠርዝ፣ የፈላው የዱቄት ሙጫ ሽታ ቡታጅራ አባቴ ቤት ወሰደኝ።

አባቴ መምህር ነበር፤ የተገነጣጠለ መጽሐፍም ይጠርዝ ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ሐጂ ከድር የሚባሉ የመስቃን ገበሬ የሟች ልጃቸውን የሙዲንን ደብተር እንዲጠርዝላቸው አመጡ። ሙዲን ገበያ በመጣ ቁጥር ሸንኮራ ይሰጠኝ ነበር። ናፍቆኝ ስለነበር፣ ማንም ሳያየኝ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሸንኮራ እንደተሸከመ ሳልኩት።

ሐጂ ሊወስዱት ሲመጡ አባቴ ደብተሩን ገልጦ ሥዕሉን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«አንቺ! ምንድን ነው ያደረግሽው?»

ሮጬ በሩ ጀርባ ተለጠፍኩ። ሐጂ ደብተሩን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ተጠጉና ሥዕሉን በብርሃን አዩት። የአባቴ እጅ ወደ ቀበቶው ሄደ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሐጂ፤ ገጹን አሁኑኑ እቀደዋለሁ።»

«እንዳይነኩት!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ወላሂ መምህር፣ ልጄ ፎቶ አልነበረውም።»

አባቴ አልመታኝም። ለምን እንደተወኝ ግን ያኔ አልገባኝም ነበር። ዛሬ የሰው ፊት ልሥል ስቀመጥ፣ ለሚወደው ሰው የሚቀረው ምስል ይህ ብቻ ሊሆን እንደሚችል አስባለሁ።