አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሪ

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ካረፉ አርባ ቀን ሞላቸው። ሰው ሁሉ አልቅሺ ይለኛል፤ እኔ ግን ንዴቱ አልበርድ ብሎኛል።

ቢላዋ ሳቀብላቸው፣ መሰርሰሪያ ሳነሳ፣ ጃንጥላ እንኳ ስዘጋ "አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሪ" ይሉኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ጃንጥላ እኮ ነው!"

"ይሁን፤ እጅሽ ይልመድ።"

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከምንኖርበት ከሮተርዳም አጠገብ፣ ስኪዳም ከተማ ካለ የተኩስ ክለብ አይጠፉም ነበር። በቅርቡ የጥንቱን አስመስሎ የተሠራ፣ በባሩድ የሚተኩስ አዲስ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ገዙና ይዘውኝ ሄዱ። አንድ የክለቡ አባል "እስቲ ልየው" አለ። ጋሼ አፈሙዙን ወደ አሸዋው ክምር እንዳደረጉ መምቻውን ወደኋላ ሳቡለት። ቃታው ከመቅለሉ የተነሳ ጣታቸው ገና ነካ ሲያደርገው ባረቀ። ጥይቱ አሸዋው ውስጥ ገባ።

"ይሄ ቃታ ሳይጠነክር አልተኩስበትም" ብለው ለጠመንጃ ሠሪ ሰጡት። የክለቡ አባል "ሽማግሌው ፈሩ" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቄ ነው።

ሽጉጡ ተሠርቶ ሳይመለስ ጋሼ አረፉ። ያ የክለቡ አባል ሮተርዳም ቤታችን ለቅሶ ሊደርስ መጣና ያንኑ ወሬ እንደ ቀልድ ለእንግዶች ያወራ ጀመር። እኔ ዳቦ እየቆረጥኩ ነበር።

"አፈሙዙን ወዳንተ አዙረውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ይስቅ ነበር?" ብዬ ጮህኩበት።

ያኔ እጄን አየሁት። ቢላዋው ወደ ሰውዬው ደረት ዞሯል።

ወደ ግድግዳው መለስኩት። የሚቆጣኝ ግን አልነበረም።