ከስቱኮው ሥር

አሮጌ መኪና አድሳለሁ ብሎ ስቱኮ እንደ ጭቃ የሚመርግ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ስቱኮ ራሱ ጥፋት የለበትም። ብረቱ ተቀጥቅጦ ከተስተካከለ በኋላ የምትቀረውን ትንሽ ጎድጓዳ ለመሙላት የተሠራ ነገር ነው። ዝገት ላይ ከመረጉት ግን ከላይ ቀለሙ ያብለጨልጫል፣ ከሥር ብረቱ ዱቄት ይሆናል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ አንዲት የፍሪጅ ማግኔት ትበቃለች። በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ በሩ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ፣ ያ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ ላይ ታስኬዳታለህ። ከያዘች ብረት ነው። ከወደቀች ተሸውደሃል።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ዘመዴ አይደሉም፤ አዲስ አበባ ጋራዥ የነበራቸው ባትላሜራ ናቸው፣ እኔም የቆርቆሮ ሥራ የተማርኩት ከእጃቸው ነው። ጨርቅ መዳፌ ሥር አድርገው፣ ዓይኔን አስጨፍነው በር ያስዳብሱኝ ነበር። ወጣ ገባ የሚለውን ቦታ ሳላየው ካላገኘሁት መዶሻ አያስነኩኝም። ክፉ ነበሩ፣ እውነቱን ለመናገር። አንድ ቀንም ጎሽ ብለውኝ አያውቁም።

ከዓመታት በኋላ ልጃቸው ወደዚህ ወደ አሜሪካ አመጣቻቸው፣ እሷ የምትኖርበት አሌክሳንድሪያ። ሥራ ትተው ያረፉ መሰላችሁ? ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጀርባዋ ክብ የሆነች የጀርመን መኪና ከአንድ አሜሪካዊ ገዝተው ልጃቸው ግቢ ውስጥ ይፈቷት ጀመር። ሁለት ዓመት ያህል ሲለፉባት ቆይተው ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው እንቢ አለ፣ ምላሳቸውም ከበደ። ልጅቷ መኪናዋን ለብረት ሰብሳቢ ልትሰጣት ስትል በጭነት መኪና አስጭኜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ቤት ጋራዥ ውስጥ አስገባኋት። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ጋሼ በሕይወት እያሉ ጨርሻት፣ አጠገቤ አስቀምጬ ቤተ ክርስቲያን ልወስዳቸው። ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ እንዳላቸው አልነገሩንም፣ እኔም መቸኮሌን አልደበቅኩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷ ታመጣቸዋለች። ወንበር አወጣላቸዋለሁ፣ ይቀመጣሉ፣ በግራ እጃቸው እየጠቆሙ ያዙኛል። ሌላ ቀን ከቤት አይወጡም ነበር። ቅዳሜ ግን ተላጭተው፣ ሸሚዝ ለብሰው ነው የሚመጡት።

እኔ ደግሞ ስሠራ አፌ አያርፍም። በተለይ ስናደድ። መጀመሪያ ያናደደኝ የጎንዋ የክሮም ጌጥ ነው። አንዱ ሞኝ ቀድሞ በካቻቢቴ ፈንቅሎት ኖሮ ሦስት ቦታ ጎብጧል፣ ቀለሙም ተፍቋል። እንዴት እንደሚወጣ ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው መኪና ላይ ይህን ግፍ እንዳትሠሩ። መጀመሪያ ዙሪያውን ቀለሙ ላይ ቴፕ ለጥፉ። ከዚያ በጸጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት፣ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ሹል ጌጡን ከያዘው ክሊፕ አጠገብ ቀስ እያላችሁ አንሱ። መሃሉን ይዞ መጎተት የለም። እያንዳንዱን ክሊፕ በየከረጢቱ አድርጉና ከየት እንደወጣ ጻፉበት፤ አስታውሳለሁ የሚል ሰው ውሸታም ነው። ደግሞ የሚያብለጨልጭ ሁሉ ክሮም አይደለም። የአሮጌ መኪና ጌጥ ብዙው አሉሚኒየም ነው፣ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ከነካችሁት ደብዝዞ ይቀራል። አናንዴል ያለ አንድ ወዳጄ የመኪናውን ጌጥ በሙሉ በሎሚና በአመድ ፈግፍጎ፣ ምን ይሻለኛል ብሎ ደወለልኝ። ምንም አይሻልህም አልኩት።

አንድ ቅዳሜ ማግኔቷን ይዤ ወደ ኋላው ግራ ፓራፋንጎ ዞርኩ። ከጎማው በላይ ዱብ አለች። አንስቼ እንደገና አስጠጋኋት፣ ዱብ። በጥፍሬ ቆረቆርኩት፣ የካርቶን ድምፅ ሰጠኝ። በግራይንደር ጫፉን ስነካው የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ተገመሰ፣ ከሥሩ ደግሞ የመስኮት ወንፊት ተለጥፎበታል። የመስኮት ወንፊት፣ ያ ዝንብ የሚከለክለው። ያ የሸጠላቸው አሜሪካዊ ያሠራው ነው ብዬ አበድኩ።

«ይሄን ሌባ ባገኘው» አልኩ። «ጋሼ፣ አዩልኝ? ይሄ ሰው ነው? ይሄን የሠራ እጁን ይቁረጠው።»

ጋሼ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ አላቆምኩም። ሙያ ያዋረደ፣ እንጀራ የማይገባው፣ ያላልኩት የለም። ትንሽ ቆይተው «ልሂድ» አሉ። ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ቀሩ። የሚቀጥለውም። ልጅቷ ጋ ኮል አደረግኩ፤ «ሂ ዳዝንት ዎንት ቱ» አለችኝ፣ አልፈልግም ብለዋል። አላመንኳትም። መንዳት ሰልችቷት ነው ብዬ ቂም ያዝኩባት። «አባትሽ በሳምንት አንድ ቀን የሚተነፍሱበት ቦታ ነው፣ እሱንም ልትነፍጊያቸው ነው?» አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ። እኔም ንዴቴን ይዤ ወደ ፓራፋንጎው ተመለስኩ።

ስቱኮውን እስከ መጨረሻው አነሳሁት። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ማዘን የለም፤ ዝገቱ ካለበት አልፎ ጤነኛ ብረት እስኪመጣ ድረስ መሄድ ነው። የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ቆርቆሮ መበየድ፣ ራቁቱን ብረት ደግሞ ሳያድር የዝገት መከላከያ አንቲረስት መቀባት። በዚህ በአሜሪካ የበጋ ወበቅ አንድ ሌሊት ከተውከው ጠዋት ቢጫ ሆኖ ነው የሚጠብቅህ። እንግዲህ ጤነኛው ብረት ላይ ስደርስ፣ ከቀዳዳው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ፣ በሚስማር የተጫረች ትንሽ መስቀል አየሁ።

ክው አልኩ።

ጋሼ ብረት ላይ ሥራ ሲጀምሩ በስመ አብ ብለው ትንሽ መስቀል ይጭራሉ። ከዚያ ስቱኮውም ቀለሙም ይሸፍናታል፣ ባለ መኪናው አያውቅም። እዚያ ጋራዥ ያለፍነው ሁላችን እንዲያ ነው የምናደርገው። የጋሼ መስቀል ግን በማስመሪያ የተሠመረች ነበር የምትመስለው። ይህቺኛዋ ተንቀጥቅጣለች። አግድሟ መስመር ሦስት ጊዜ ተጀምራ ሦስት ጊዜ ስታለች። ከስትሮኩ በፊት እጃቸው ከድቷቸው ነበር ማለት ነው፤ እሳቸውም መዶሻ ማንሳት ሲያቅታቸው ስቱኮ መረጉ።

እጁን ይቁረጠው ያልኩት እሳቸውን ነው። ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ ያ እጅ ጭናቸው ላይ ወድቆ።

መሬት ላይ ተቀምጬ ያስታወስኩት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ስትሮኩ ሳይመታቸው፣ ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ ደውለውልኝ ነበር። «ና እስቲ፣ አንዲት ቆርቆሮ ትይዝልኛለህ፣ እጄ አልታዘዝ እያለኝ ነው» አሉኝ። እሺ ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አልኳቸው። ከዚያ ኦቨርታይም መጣ፣ ከዚያ ልደት፣ ከዚያ ምን እንደመጣ እንኳን አላውቅም። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ መንገዱ ካልተዘጋጋ ግማሽ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት። ሌላውን ሙያ አዋረደ እያልኩ የምሰድበው እኔ፣ ያቺን ግማሽ ሰዓት ነፍጌያቸዋለሁ። በሕይወቴ ሰው ላይ ብዙ ተናድጃለሁ፣ እንደዚያን ቀን በራሴ ላይ የተናደድኩበትን ጊዜ ግን አላስታውስም።

ልብሴን ሳልቀይር ነዳሁ። ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል፣ እሱንም ተሳደብኩት። በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፤ የስቱኮ አቧራ ያነጣውን ልብሴን አየች፣ አሳለፈችኝ።

ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። አልተላጩም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን የተናገርኩትን ይማሩኝ። አላወቅኩም። ባላውቅም እንደዚያ አይባልም።»

ከዚያ በግራ እጃቸው እጄን ይዘው ገለበጡት፣ ጥፍሬ ውስጥ የገባውን ነጭ ዱቄት አዩት።

«አነሳኸው?»

«አነሳሁት።»

«ዝገቱ ብዙ ነው?»

መዋሸት ፈለግኩ። «ብዙ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚቀጥለውን ለመናገር ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፣ አፋቸው እየተጣመመ፣ ቃል በቃል እየፈለጉ። ልጅቷ ልትረዳቸው ጠጋ ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

«ሥራ ብዬ አይደለም የለጠፍኩት» አሉኝ። «አንተ እስክትመጣ... ዝናብ እንዳይገባበት ብዬ ነው።»