የሁለት ወንድማማቾች ድንጋይ

ዛሬ ጠዋት የከተማ ብስክሌተኞች በሱሉልታ ጠጠር መንገድ ሲያልፉ፣ የጎማቸው ኮሽታ ወደ አሥር ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔ የምነዳው አከራያችን ኦቦ ዳባ ያዋሱኝን ብስክሌት ነበር። አንድ ቀን መንገዱ ዳር ሰንሰለቱ ወለቀብኝና እሳቸው እያስተካከሉልኝ፣ ሣር የሸፈነውን ድንጋይ በእግራቸው ነካ አደረጉት። "ይኼ የእኔና የወንድሜ ወሰን ነው። ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው የለም። አንቺ ሦስተኛ ሆንሽ" ብለው ሳቁ።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በተጀመረ ሰሞን መሬት የሚለኩ ሰዎች መጡ። ገበሬው መሬቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ተማክሮ ወሰን አላሳይም ብሎ ነበር። ከለኪዎቹ አንዱ ግን እኔን አስቁሞ፣ "አንቺማ ጎበዝ ነጂ ነሽ! የኦቦ ዳባ መሬት የት ድረስ ነው?" አለኝ። ጎበዝ መባሌ ደስ ብሎኝ ከፊታቸው እየነዳሁ ወስጄ ድንጋዩን አሳየኋቸው።

በማግስቱ ድንጋዩ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ተገኘ። ወንድማማቾቹ በራችን ላይ ተያያዙ።

"አንተ ነህ ያሳየሃቸው!" አሉ የኦቦ ዳባ ወንድም።

"እኔ? ዋቃን አትፈራም?"

ኦቦ ዳባ ዞር ብለው አዩኝ። "ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ግቢ። ይኼ የልጅ ነገር አይደለም" አሉኝ። አውቀውብኝ ይሁን አዝነውልኝ፣ አልገባኝም። ብስክሌቱን እየገፋሁ ገባሁ። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ኦቦ ዳባ ባለፈው ወር አረፉ። ለቅሶ ስደርስ ወንድማቸውን ከድንኳኑ ውጭ ብቻቸውን ቆመው አገኘኋቸው። ልነግራቸው አስቤ ቀረብኩ።

"እግዜር ያጥናዎት" ብዬ አለፍኩ።