ላሞቹ ያሉበት ጥናት

ሰርቪስ ክፍሌን የተከራየችው ልጅ ሁለተኛ ዲግሪዋን በሶሺዮሎጂ የምትማር ናት። አንድ እሑድ ጥግ ጥጉ ያለቀ ጽሑፍ ይዛ መጣች። አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ፣ እዚያው አገሩ ከተማ የከበበውን የአንዲት ገበሬ ሴት ግቢ ዓመቱን ሙሉ እየተመላለሰ አይቶ የጻፈው ነው አለችኝ።

«እትዬ፣ ይህን ባላነብ ኖሮ ትምህርቱን ትቼው ነበር።»

ምን ፈልጎ ነው የሚመላለሰው ብዬ አሰብኩ።

እሷም እንደዚያ መጻፍ አማራት። የመረጠችው ጎረቤቴን ነው። ጎረቤቴ ሰፈራችን ላፍቶ ገና እርሻ ሳለ እዚሁ የተወለደች፣ ዛሬም በኮንዶሚኒየሞቹ መሀል ላም እያለበች ወተት የምትሸጥ ባልቴት ናት። ግቢዋ ለልማት ይፈለጋል ሲባል ሰንብቷል። ልጅቷን ይዤላት የገባሁት እኔ ነኝና፣ ግቢው ቢነካ የምትቀየመው እኔን ነው።

ጎረቤቴ ልጅቷ በረቱን በእርምጃ ስትለካ አይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ከወረዳ ናት እንዴ?»

«ተከራዬ ናት አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ በረት ምን ያስለካታል? ልትከራየው ነው?»

ጥናቱ ሲያልቅ ልጅቷን አንብቢልኝ አልኳት። ስም የለበትም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ግቢ፣ ሦስቱ ላሞች፣ በሩ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ግን ሁሉም አሉ።

«ስማቸውን እኮ አልጠቀስኩም» አለች።

«እዚህ ሰፈር ላም ያለው ሌላ ማን አለ? ያ ተመራማሪ የጻፈላት ገበሬስ፣ ግቢዋ ኋላ ምን ሆነ?»

ያንን ጥግ ጥጉ ያለቀ ጽሑፍ አገላበጠች። «እሱን አይልም።»

«እንግዲያው ላሞቹን ከጽሑፍሽ አውጪ።»

ፊቷ ጠቆረ፤ ግን መጀመሪያ የላሞቹን ባለቤት ልጠይቅ አለች። አብረን ሄድን። ጎረቤቴ እያለበች ነበር፤ ነገሩን ስንነግራትም ቀና አላለችም።

«ላሞቼን አውጥታ ምኔን ልትጽፍ ነው? አንቺ ደግሞ ይሄ ጥርጣሬሽ መቼ ነው የሚለቅሽ? ሊያፈርስ የሚመጣ ሰው መንገዱን ከጽሑፍ አይፈልግም፤ የበረቱ ሽታ ይመራዋል።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ጻፊው። እዚህ ላም ነበር ይባል።»

ጽሑፉ እንዳለ ለመምህራኑ ገባ። እኔ ግን የማላውቀው መኪና ጎረቤቴ በር ላይ ሲቆም ነጠላዬን ደርቤ እወጣለሁ። የወረደው ሰው ወተት ሲጠይቅ ካልሰማሁ አልመለስም።