ቱንግ ሹሊንና ከሰል አቀባዩ ጠመዝማዛ

ቱንግ ሹሊን ሠላሳ አንድ ዓመት በእንፋሎት ባቡር ላይ እሳት ሲያነድ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። የበረዶ ወቅት በመጣ ቁጥር ግን፣ ለጎብኚ ተብሎ በተረፈው አሮጌ ባቡር ላይ እሳት እንዲያነድ ይጠራል። ፈሪ መሆኑን ሚስቱ እንኳ አታውቅም። እሳቱን አይፈራም፤ የሚፈራው ከሰል አቀባዩን ጠመዝማዛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትልቅ ባቡር ምድጃ እንደ አንድ ክፍል ወለል ይሰፋል፤ በአካፋ ልመግብህ ቢሉት የሁለት ሰው ወገብ ቢቆረጥም አይጠግብም። ስለዚህ ከኋላ በተቀጠለው የከሰል ጋሪ ወለል ሥር ቦይ ተሠርቶ፣ በውስጡ እንደ ሥጋ መፍጫ ያለ፣ የሰው ጭን የሚያህል ጠመዝማዛ ብረት ተጋድሟል። ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ታሽከረክረዋለች፤ እሱም ከሰሉን እያኘከ እስከ ምድጃው አፍ ይገፋል። እዚያ ኃይለኛ የእንፋሎት ትንፋሾች ተቀብለው፣ ገበሬ ዘር እንደሚበትን፣ ከሰሉን በእሳቱ ላይ ይበትኑታል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! የግራው ጥግ ሲሳሳ የግራውን ትንፋሽ ቫልቭ ላላ ማድረግ ብቻ ነው፤ ምድጃው ራሱን ይሞላል።

ጠመዝማዛው ግን ከሰልና እግር አይለይም። ቱንግ ጎረምሳ ሳለ፣ ካው የሚባል ባልደረባው የተቀረቀረ ድንጋይ ሊያስለቅቅ ቦዩ ውስጥ ወረደ። ወደ ሞተሯ እንፋሎት የሚያስገባውን ቫልቭ ዘግቶ ነበር። ቫልቭ መዝጋት ግን የሚመጣውን እንፋሎት ይከለክላል እንጂ አስቀድሞ የገባውን አያስወጣም። ጠመዝማዛው ታንቆ ሲቆም፣ የገባው እንፋሎት እንደ ተወጠረ ቀስት ያደፍጣል። ድንጋዩ ሲለቅ ጠመዝማዛው ዞረ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ካው ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ወደ ቦይ የሚወርድ ሁሉ ከቫልቩ ሌላ የታመቀውን እንፋሎት የሚያስወጣውን የማስተንፈሻ ቧንቧ እንዲከፍት ደንብ የሆነውም ያኔ ነው።

በዚያ የጥር ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባቡሩ ዳገቱን እያጓራ ሲወጣ ከቦዩ ሲጥጥ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

ነጂው ሺንግ ዴሃይ ከመስኮቱ ሳይመለስ ጮኸ። «አያ ቱንግ! የእንፋሎቱ ግፊት ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ ሦስት ወረደ። እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?»

«ጠመዝማዛው አንድ ነገር ነክሶ ቆሟል። ልወርድ ነው።»

«እንግዲያ ፈጠን በል! ኩርባው ላይ ከቆምን ጭሳችንን ሊያነሳ የመጣው ባለካሜራ ጎብኚ ሁሉ ነው የሚስቅብን።»

ቱንግ ዶማውን ይዞ ጋሪው ላይ ወጣ። በረዶ ያጣበቀውን ከሰል ቆፍሮ፣ የቦዩን መክደኛ አንስቶ ወረደ። ከማዕድን ጉድጓድ ከከሰሉ ጋር የመጣ ክንድ የሚያህል ብረት፣ በጠመዝማዛውና በቦዩ ግድግዳ መካከል ተወትፏል። በዶማው ፈልቅቆ ለማውጣት አንድ እግር ጠመዝማዛው ላይ መቆም አለበት።

ግራ እግሩን አነሳ። ቧንቧውን ከፍቼዋለሁ?

እግሩ አየር ላይ ቀረ። ቫልቩን መዝጋቱን እጁ ያስታውሳል። ቧንቧውን ግን አያስታውስም። «ከፍቻለሁ፤ መቼ ሳልከፍት ቀርቼ?» አለ ለራሱ። ችግሩ ይኸው ነው፤ ሰው ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር ትዝታ አይተውም። ከታች ሞተሯ ድምፅ የላትም፤ የሞተች ትሁን ያደፈጠች አይታወቅም።

እግሩን መልሶ ወጣና ወደ ነጂው ክፍል ተመለሰ።

«ወጣልህ?» አለ ሺንግ።

«አልወጣም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ? ሻይህን ረስተህ ነው? ግፊቱ አሥር ገብቷል እኮ!»

ቱንግ ተንበርክኮ ቧንቧውን አየ። ዝግ ነበር። ሲከፍተው እንፋሎቱ እንደ እባብ እየፎጨ ወጣ፤ እስከ ሃያ የሚያስቆጥር ጊዜ ሳያባራ ወጣ።

ሺንግ ፊቱን አዞረ። «ዝግ ነበር?»

«ዝግ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ትዝ አለህ?»

«ትዝ አላለኝም። ፈርቼ ነው የመጣሁት።» በሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ቃል ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ሺንግ የግፊት መለኪያውን አየ፤ ቱንግን አየ። ከዚያ እንፋሎቱን ዘግቶ ፍሬን ያዘ። ባቡሩ እያቃሰተ ኩርባው ላይ ቆመ። ወዲያው የጉብኝቱ አስተባባሪ ድምፅ በሬዲዮው ተንጫጫ። «ለምን ቆማችሁ? ሰዎቹ ጭስ እየጠበቁ ነው!»

«ሰው ቦይ ውስጥ ሊወርድ ነው። ጭሱ ይቆይ» አለና አጠፋው። ወደ ቱንግ ዞሮም፣ «ውረድ። እኔ እዚህ ቫልቩ ላይ እቀመጣለሁ» አለው።

ቱንግ ተመልሶ ወረደ። ፍርሃቱ አብሮት ወረደ። ግራ እግሩን ቀስ ብሎ ጠመዝማዛው ላይ አሳረፈ፤ ክብደቱን ለቀቀበት፤ ዶማውን ከብረቱ ሥር አስገብቶ ተጫነ። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ብረቱ ጧ! ብሎ ተፈናጥሮ ከግድግዳው ተላተመ። ቱንግ ዓይኑን ጨፈነ። ከእግሩ በታች ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም።

ከሰሉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ የሺንግ ጥቀርሻ የለበሰ ፊት ከላይ ብቅ አለ።

«አያ ቱንግ፣ እግርህስ?»

«ሁለቱም አሉ። አንዱ ግን አልታዘዝ ብሎኛል፤ ና እጄን ያዘኝ።»