በደጃችን የተተከለው አንፋር

አማቴ አበባ መትከል የጀመሩት ለውበት ብለው አይደለም። ውበት ሲያስጨንቃቸው አይቼ አላውቅም፤ እኔን ለልጃቸው ሲመርጡ እንኳ ያጣሩት የወገቤን ጥንካሬ ነው። አበባውን የተከሉት ቢራቢሮ ፈልገው ነበር። ቢራቢሮውን የፈለጉት ደግሞ ልጃቸውን ፈልገው ነው።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ከሠራ በኋላ ባለቤቴ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ቤቴ አለ። ቤታችን ከዛሬዋ ፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ፈንጠር ብሎ፣ ከአንድ ጋራ ግርጌ ነበር። እኔና አማቴ ሁለታችን ብቻ ቀረን። በሕይወት መኖሩን የሚነግረን ሰው አልነበረም። አንዱ መጥቶ ደጋ ዳሞት ታየ ይለናል፣ ሌላው ዓባይን ተሻገረ ይለናል፤ ሁለቱም በዓይናቸው አላዩትም። በእኛ አገር ደግሞ ቢራቢሮ ቤት ከገባ እንግዳ ይመጣል ይባላል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ሰው ሁሉ ግን ቢራቢሮው በራሱ ጊዜ እስኪገባ ይጠብቃል። አማቴ መጠበቅ አይሆንላቸውም።

አንድ ጠዋት ከወንዝ ዳር የአንፋር ቅርንጫፍ ታቅፈው መጡ።

«እሜቴ፣ ለምን ይሆናል?» አልኳቸው።

«ለበር።»

«ለበር ምን ያደርጋል?»

«ቢራቢሮ ይጠራል። ቆፍሪ።»

እኔ ቆፈርኩ። አንፋር አስቸጋሪ ተክል አይደለም፤ ቅርንጫፉን ሰብረው እርጥብ መሬት ላይ ከሰኩት ይይዛል። ቅጠሉ ድስት ለማሸት ይሆናል፤ አበባው በረጃጅም ዘለላ ይወጣና ማር ማር ይሸታል፤ ንብም ቢራቢሮም አይለየውም። አማቴ በበሩ ግራና ቀኝ ተከሉት። ቀጥሎ ግራዋ ጨመሩ፣ ከግራዋው ሥር ወይናግፍት የሚባለውን አበባ፣ ከዚያም ጤና አዳም። ጓሮ እያለ ደጅ ላይ ለምን እንደሚተክሉ ስጠይቃቸው፣ ቢራቢሮው ከአበባው ሲነሣ ሌላ መሄጃ እንዳያገኝ ነው አሉኝ። ነገሩን በደንብ አስበውበታል።

በበጋ ውሃ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። በእንስራ ተሸክሜ ከማመጣው ውሃ መጀመሪያ አንፋሩ ይጠጣል፣ ከዚያ ላሚቱ፣ ከዚያ እኛ። አማቴ በበኩላቸው ጤና አዳሙ ላይ የሚወጣውን አባጨጓሬ እየለቀሙ ይጨፈልቃሉ። በዚህ ሥራ በጣም ትጉ ነበሩ። አባጨጓሬው ኋላ ራሱ ቢራቢሮ እንደሚሆን የሰማሁት የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። እግዜር ይወቀው፣ ስንቱን እንግዳ በእንጭጩ ፈጅተናል።

የሆነው ሆኖ አበባው ሲፈነዳ ቢራቢሮው መጣ። ነጩም፣ ቢጫውም፣ ክንፉ ጥቁር ሆኖ ነጠብጣብ ያለውም መጣ። እርግጥ ከአበባው ይልቅ አህያችን የምትሸናበት ረግረግ ላይ የሚሰፍረው ይበዛ ነበር፤ አማቴ ግን ያንን አልቆጠሩትም። የቆጠሩት ደፉን አልፎ የገባውን ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቢራቢሮ የገባበት ቤት ባዶ ሌማት ይዞ አይጠብቅም፤ ለሚመጣው ሰው ድርሻው ተነሥቶ ይከደናል። ሌላ ቤት ይህ በዓመት አንዴ ቢያጋጥም ነው፤ እኛ ቤት በየቀኑ ሆነ። አማቴ ከሁለታችን ምግብ የእንግዳውን ያነሣሉ። እንግዳው አይመጣም። በማግስቱ የደረቀውን የትናንት ድርሻ እኛ እንበላለን፤ የዛሬውን ትኩሱን ደግሞ ለእንግዳው እንከድናለን። አንፋሩ ባበበ ቁጥር ትኩስ እንጀራ አልቀምስም ነበር። እህል እየተመናመነ ሲሄድ ተናደድኩ፤ ግን ሌማቱን ሲከድኑ እጃቸው እንዴት እንደሚጠነቀቅ ሳይ ክዳኑን አቀብላቸዋለሁ። እኔም እኮ እየጠበቅሁት ነበር።

እንግዳ ጨርሶ አልመጣም ማለቴ አይደለም። የነፍስ አባታችን መጥተው የባለቤቴን ድርሻ በልተው ያውቃሉ። ያን ጊዜ ቁጥቋጦው ጣሪያውን አልፎ ከግራና ከቀኝ ተጋጥሟል፤ ለመግባት ጎንበስ ማለት ያስፈልግ ነበር። መስቀላቸውን ቅርንጫፍ ይዞባቸው ቆመው ቀሩ።

«ደጅዎን ምነው ዱር አደረጉት?» አሏቸው። «ሰው ያለበት ቤት አይመስልም እኮ።»

«ሰው እንዳለበትማ ቢራቢሮው ያውቃል» አሉ አማቴ።

ቄሱ በሉ፣ ባረኩን፣ ሄዱ።

ሁለተኛው እንግዳ የአጥቢያችን ሹም ነበር። ለጠላት ካደረ ወዲህ ሽጉጥ ይታጠቃል፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎችም ይከተሉታል። ቤቱን በረበሩት። ጎተራው ውስጥ ሰው አላገኙም፤ እህልም እምብዛም አላገኙም። ሹሙ ሌማቱን ሲከፍት ግን ያልተነካ እንጀራ ከነወጡ አገኘ።

«ይህ የማን ነው?»

«የእንግዳ ነው» አሉ አማቴ። «ቢራቢሮ ገብቶ ነበር።»

ሌላ አገር ሰው ቢሆን ይህን መልስ ሰምቶ ያስረን ነበር፤ ይህ ግን የእኛው አገር ሰው ነው፣ እናቱም ቢራቢሮ ሲገባ ድርሻ እየከደነች ነው ያሳደገችው። ሽጉጡን አስተካክሎ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«እንግዲያው እኔ ነኛ» አለ።

አማቴ በልጅነቱ የሚያውቁትን ሰው አተኩረው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እጁን አስታጥቢው» አሉኝ። ምን ይደረጋል፣ እንግዳ ነዋ። አስታጠብኩት። የባሌን ድርሻ አንድ ሳያስቀር በላው፤ በርበሬው ሳሳ ብሏል ብሎም ነቀፈ። ሲወጣ ቁጥቋጦው ጋቢውን ያዘው።

«ይህ ቁጥቋጦ ሰው ይደብቃል» አለ። በማግስቱ ሰዎቹን ልኮ አንፋሩንም ግራዋውንም ከሥሩ አስጨፈጨፈው።

አማቴ ጀርባቸውን ለደጁ ሰጥተው ተቀመጡ፤ ገጀራው ባረፈ ቁጥር ትከሻቸው ሰበቅ ይላል። ያን ሁሉ ውሃ የተሸከምኩት እኔ እፎይ ማለት ሲገባኝ፣ አለቀስኩ። ደጃችን ራቁቱን ቀረ። ቢራቢሮ አልገባም፤ ስለዚህ ድርሻ አልተነሣም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ትኩስ እንጀራ በላሁ፤ አልጣመኝም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሰዓት ላይ አንድ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ደጃችን ቆመ። ጎጃም ውስጥ ጢሙ የረዘመ የቅኔ ተማሪ ሞልቷል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

«በእንተ ስማ ለማርያም» አለ።

ሌማቱ ባዶ ነበር። ዱቄትም አልነበረንም። አማቴ ካሉበት ሳይነሡ፣ «እግዜር ይስጥልን» አሉ። የለንምና ይለፉን ማለት ነው። ተማሪው አላለፈም።

«እማዬ» አለ።

ያን ሁሉ ጊዜ የማንንም ድርሻ ሲከድኑ የኖሩ ሴት የገዛ ልጃቸውን እግዜር ይስጥልን ብለው ሊሸኙት ነበር። እንዴት እንደተነሡ አላየሁም፤ ሳይ አንገቱ ላይ ነበሩ። እኔ ዓይን ለዓይን ላየው አፍሬ ሽንብራ መቁላት ጀመርኩ። ግማሹን አሳረርኩት።

እሱ ያረረውን እየበላ አወጋን። ከአንድም ሁለቴ እስከ ጋራው አናት ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ ሆኖ ሲያይ የቤቱን በር ዱር ውጦታል። በእኛ አገር ደጅ ሲጠረግ ነው ቤቱ ሰው አለው የሚባለው፤ በሩን ቁጥቋጦ ያለበሰው ባለቤቱ የሞተበት ወይም የተሰደደበት ቤት ነው።

«ጭሱንስ አላየህም?» አልኩት።

«ጭስማ አየሁ። ባዶውን አግኝተው ባንዳዎች የሰፈሩበት መሰለኝ።» እናቱን እያየ ጨመረ፤ «አለቁ ብዬ ተመለስኩ። እንዲያውም እማዬ፣ ቄስ ለምኜ ለሁለታችሁም ፍትሐት አስፈትቼላችኋለሁ። ባለፈው ከጋራው ላይ ሳይ ግን ደጁ ተመንጥሯል፤ በሩ ላይም እርስዎ ተቀምጠዋል።»

እኛ ሞቷል ይሆን እያልን በጭንቀት ስናድር፣ በቁማችን ተፈትቶልን ኖሯል። ሳቄ መጣ፤ የአማቴን ፊት ሳይ ተመለሰ። ያንን ቁጥቋጦ ማን እንደተከለው፣ ለምን እንደተከለው ልጃቸው አያውቅም ነበር። እኔም አልነገርኩትም፤ እሳቸውም አልነገሩትም።

«በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው ያስፈታህልን?» ብለው ብቻ ጠየቁት። ነገራቸው። ጥሩ ቄሶች እንዳሉበት መሰከሩ።

ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ ተነሥቶ ሄደ፤ ተማሪ አንድ ቤት ብዙ ከቆየ ያስጠረጥራል። ጋራውን እስኪያልፍ አማቴ ደጁ ላይ ቆመው ቀሩ።

ክረምት ሲገባ አንፋሩ ከጉቶው አቆጠቆጠ። አንፋር ሲቆርጡት ይብስበታል። አንድ ማለዳ ስወጣ አማቴ ማጭድ ይዘው ጎንበስ ብለዋል፤ ለጋውን ቅጠል ገና ሲያወጣ ያጭዱታል። ዝናቡ ባበቀለ ቁጥር ያጭዱታል። ዓመቱ ዞረ፤ እሳቸው አልተዉም። ወገባቸው እንደሚያማቸው ስለማውቅ አንድ ቀን አጠገባቸው ቆምኩ።

«እሜቴ፣ አንዲቱን እንኳ ቢተዉልን። ቢራቢሮዎቹስ?»

«እንግዳ የሚፈልግ ቤት ይሂዱ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንግዳ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ልጄን ነው።»

ማጭዱን ተቀበልኳቸውና የቀረውን እኔ አጨድኩ። የቡሬው ጦር ለቆ ሲሄድ ባለቤቴ መጣ፤ ደጃችን ላይ አንዲት ቅጠል አልነበረችም።