ሐበሻ ያልሆነው ምስክር

ሻንቆ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ መጨረሻውን ስትሰሙ መፍረዳችሁ አይቀርማ። ጂንካ ዳር ላይ እንሰትና ኮረሪማ የሚያለማ የአሪ ገበሬ ነበር፤ ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ጠጅ ያልቀመሰ፣ ሰው ያላስቀየመ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ሲጠይቁት በልቡ ያለውን ሁሉ ዝርግፍ ያደርገዋል። ውሸት ኃጢአት ነው ተብሎ ተምሯላ!

ጎረቤቱ ሱሩር ከሚስቱ ከከድጃ ጋር ከስልጤ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው። ኮረሪማውን ይገዛዋል፤ ጨውና ጨርቅ ይሸጥለታል። አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ፣ በአረፋ ቀን ሱሩር ዶሮ ከነነፍሷ ይዞ ይመጣና «እንካ፣ በራስህ እጅ ባርከህ እረድ» ይለዋል። የገና በዓል ሲደርስ ደግሞ ተራው የሻንቆ ነው። እንዲህ ሆነው ስንት ዘመን ኖሩ፤ ክፉ ቃል አልተለዋወጡም።

ነገር የተበላሸው የሶማሌ ጦር ኦጋዴንን ጥሶ በገባ ጊዜ ነው። ሱሩር የሞቃዲሾን ሬዲዮ ያዳምጣል ተብሎ ቀበሌ ታሰረ። ሊቀመንበሩ ጓድ ነጋሽ «ጎረቤቱ ቀርቦ ሰላማዊ ሰው ነው ካለ ይለቀቃል፤ አለዚያ ወደ አርባ ምንጭ ይሄዳል» አለ። ወደዚያ የተወሰደ እስረኛ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም፤ ተመልሶ ያወራ የለማ።

ሻንቆ እሱ ራሱ በጴንጤነቱ በዓይነ ቁራኛ የሚታይ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ልመስክርለት ብሎ ተነሣ። በዋዜማው ግን አብሮት የሚጸልይ፣ መኮንን የሚባል ወዳጁ መጣ።

«አንተ ሰው፣ አብደሃል እንዴ? የነሱ ሕግ እኮ ያላመነውን ግደሉ ነው የሚለው! ነገ ሶማሌ እዚህ ቢደርስ መጀመሪያ አንገትህን የሚልህ ማን መሰለህ?»

ሻንቆ ክው አለ። ሱሩር? ዶሮ አቅፎ የሚመጣው ሱሩር? ሚስቱ ጥሩዬ «ኧረ ወዲያ! መኮንን ደግሞ ምን ያውቃል?» አለችው። ሰባኪው ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ኢያሪኮ መጥፋት ሲያነቡ ሴት አልቀረ፣ ሕፃን አልቀረ እንዳሉም ትዝ አለው። ያስ እንዴት ነው ታዲያ? ግራ ገባው።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሱሩርን ራሱን መጠየቅ ነው የሚሻለው ብሎ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ሄደ። በመስኮቱ በኩል «ሱሩር፣ ሕጋችሁ እኔን ግደል ይልሃል?» አለው።

ሱሩር ሊስቅ ቃጣውና ፊቱን አይቶ ተወው።

«እኔ ጨው ሻጭ ነኝ እንጂ ሼህ አይደለሁም። ልጅ ሆነን ቁርአን ቤት የነገሩንን ልንገርህ። የሚዋጋህን ተዋጋ፤ ወሰን ግን አትለፍ። ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ በጸሎት የተቀመጠ መነኩሴ አይነካም። የፍሬ ዛፍ አይቆረጥም። ቃል የገባህለት ሰው ደሙ እንደ ደምህ ነው። ከዚህ የከረረ ቃልም አለ፤ ለዚያ ዘመን ጦርነት ነው የሚሉ ዑለማዎች አሉ፣ ለሁልጊዜ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ልዋሽህ አልችልም፤ ጥጉን አላውቀውም።»

«አታውቀውም?» አለ ሻንቆ፤ የመጣው ቁርጡን ሊሰማ ነበር።

«አንድ የማውቀው አለ። የነቢዩ ሰዎች ሲሰደዱ ያስጠጋቸው የሐበሻ ንጉሥ ነው። ስለዚህ ሐበሻን፣ እስካልነካችሁ ድረስ፣ አትንኩ ተብለናል። አለቀ።»

አይ ሱሩር! አረጋጋሁት ብሎ እኮ ነው። በሻንቆ አገር ሐበሻ ማለት ከሰሜን ጠመንጃ ይዞ መጥቶ አያቱን ገባር ያደረገው ሰው ነው። ሻንቆ ራሱን ሐበሻ ነኝ ብሎ አያውቅም፤ ማንም ብሎት አያውቅም። እንግዲያው ያ ትእዛዝ ለእነዚያ እንጂ ለእሱ አይደለማ! ይህንኑ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ጥበቃው «በቃ፣ ተጠርተሃል» ብሎ እየገፋ ወደ አዳራሹ አስገባው።

«ጓድ ሻንቆ» አለ ጓድ ነጋሽ፣ «ይህ ሰው ሰላማዊ ነው፣ አይደለም?»

«ነው» ቢል አልቆ ነበር። አንዲት ቃል!

«ለእናንተ ሰላማዊ ነው» አለ ሻንቆ። «ሐበሻን አትንካ ተብሏል። እኔ አሪ ነኝ፤ ለእኔ ምን እንደተባለ ገና አልጠየቅሁትም።»

ጓድ ነጋሽ ከወንበሩ ተነሣ። «ሰማችሁ? ሱሩር ብሔረሰብን ከብሔረሰብ እየለየ ይሰብካል! ይህማ ጸረ አብዮት ነው!»

«ኧረ እንደሱ አላልኩም፣ ጓድ ሊቀመንበር! እኔ የገባኝ…» ምን እንደገባው ግን ራሱም አላወቀው። የሚሰማውም ጠፋ።

ከቀትር በኋላ ሱሩርን በጭነት መኪና ጫኑት። ሻንቆ መንገድ ዳር ነበር። የተናገረውን ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ሱሩርም ሰምቷል። አሁን ይረግመኛል ብሎ ጠበቀ። ቢረግመው በወደደ!

መኪናው ሲነሣ ሱሩር አየው። «ሻንቆ!» ብሎ ጮኸ። «ከድጃንና ልጆቼን አደራ!»

ሻንቆ ቤቱ ገብቶ ጥሩዬን «ለምን እኔን?» አላት። «መስጊድ አለው፣ የአገሩ ልጆች አሉት። አፌ አጥፍቶት ሳለ እኔን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «ልጆቹ ግን ያለ አባት ቀርተዋል። ተነሣ።»

ተነሥቶ ሄደ። ከድጃ በሯ ላይ ቆማለች። አተኩራ አየችው፤ ያደረገውን ታውቃለች። ከዚያ ያዘለቻትን ታናሺቱን ልጅ አውርዳ ሰጠችው።